የሸራው ግንብ

«ቀስ! ቀስ በሉ እንጂ! መሬት እንዳይነካ!»

ሠዓሊቷ አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ እየሮጠች ትጮኻለች። ድንኳን ሰፊዎቹ ሴቶች የተጠቀለለውን ሸራ በትከሻቸው ተሸክመው የጠባቡን መንገድ ኩርባ ለማለፍ ይታገላሉ። ጥቅሉ ከመርዘሙ የተነሳ ፊተኞቹ አደባባዩ ላይ ሲደርሱ ኋለኞቹ ገና የመጋዘኑን ደጃፍ አልለቀቁም። ቀለሙ በቅጡ ስላልደረቀ እንዳይላላጥ በመሐሉ ገለባ ነስንሰውበታል። የኖራውና የሙጫው ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ጉሙ ከተማዋን እንደ እርጎ ሞልቷት የሚታየው ከፊት ያለው ሰው ጀርባ ብቻ ነው።

«ኧረ ይሄ ሬሳ ከበደ!» አለች አንዷ።

«ምላስሽን ይቁረጠው፣ ሟርተኛ! ሙሽራ በይ» አለቻት ከኋላዋ ያለችው።

«ሙሽራማ ብትሆን በእግሯ ትሄድልን ነበር።»

ሴቶቹ ሳቁ። ሠዓሊቷ አልሳቀችም። ጉንጯን ነፋስ ነክቶታል። በዚህ ወራት ከተራራው በኩል ነፋስ ተነሳ ማለት ጉሙ ሊገፈፍ ነው። ጉሙ ተገፈፈ ማለት ደግሞ፣ ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ከወንዙ ማዶ የሰፈረው ጠላት በትናንትናው ዕለት የሆነውን ጉድ በዓይኑ በብረቱ ያያል ማለት ነው።

የሆነው እንዲህ ነበር። ክረምቱን ሙሉ በመድፍ ሲደበደብና በዝናብ ሲርስ የከረመው የወንዝ በኩል ግንብ፣ ማንም ሳይነካው፣ ትናንት ጠዋት እንደ ደከመው ሽማግሌ ቁጭ አለ። ሁለት ጋሪ ጎን ለጎን የሚያስገባ ክፍተት ከላይ እስከ ታች ተከፈተ። ጠላት ድምፁን ሳይሰማ አልቀረም። ግን በጉም ውስጥ የተሰማ ድምፅ ምን ያረጋግጣል? ራሱ የተኮሰው መድፍ ማስተጋባት ሊመስለው ይችላል። ዓይኑ እስኪያይ ድረስ ከተማዋ ቅጥር አላት። ካየ በኋላ የላትም።

የግንበኞቹ አለቃ የሠዓሊቷ ታላቅ ወንድም ነው። የግድግዳ መቅናት የሚለካበትን ቱንቢ ከአንገቱ አውልቆ ስለማያውቅ ከተማው ሁሉ «ቱንቢ» ይለዋል። ነገሩም እንደ ስሙ ነው፤ የተጣመመ ነገር አይወድም፤ ግድግዳም ይሁን ወሬ። የጦር አዛዡ አስጠርቶ «ስንት ጊዜ ይፈጅብሃል?» ብሎ ሲጠይቀው እቅጩን ነገረው። «ጉሙ ከተገፈፈ በኋላ አንድ ሙሉ ቀን ያስፈልገኛል። ያንን ቀን የሚሰጠኝ ካለ።»

ያኔ ነው ከበሩ አጠገብ ቆማ የነበረችው እህቱ «እኔ እሰጠዋለሁ» ያለችው።

የሐብታም ቤት ጣራና የሱቅ ምልክት እየሳለች የምትኖር ሴት ናት። ግን በወንዙ በኩል ያለውን ግንብ ከዚያ ክፍል ውስጥ ከነበሩት ሁሉ በላይ የምታውቀው እሷ ነበረች። አባታቸው ግንበኛ ነበር፤ ያንን ግንብ ሲጠግን ውሃ ስታመላልስለት ነው ያደገችው። የትኛው ድንጋይ ጥግ ጥጉ እንደ ተሸረፈ፣ የትኛው ስንጥቅ ውስጥ ሣር እንደ በቀለ፣ ውሃ በየት በኩል ወርዶ እንዳጠቆረው ዓይኗን ጨፍና ትነግርሃለች። «ሸራ ስጡኝ። የተናደውን ልክ እንደነበረ አድርጌ እስለዋለሁ። ከክፍተቱ ፊት ትሰቅሉታላችሁ። ጋሼ ከኋላው ሆኖ እውነተኛውን ይሥራ።»

ቱንቢ ወደ እሷ ዞረ። «እኔ ድንጋይ ስል አንቺ ጨርቅ?»

«ጨርቁ ለአንድ ቀን ነው።»

«ስሚ እህቴ። ድንጋይ ድንጋይ ነው። ሥዕል ደግሞ የድንጋይ ሐሜት ነው፤ በሌለበት ስለ እሱ ማውራት።»

«ሐሜት እኮ አገር ያፈርሳል፣ ጋሼ። ማፍረስ የሚችል ነገር ማቆምም አያቅተውም።»

አዛዡ ሌላ ምክር ስላልነበረው የእሷን ተቀበለ። የገበያው ዳስ ሁሉ ሸራው ተገፈፈ፤ ድንኳን ሰፊዎቹ በእህል መጋዘኑ ወለል ላይ ዘርግተው ሰፉት፤ እሷ ጫማዋን አውልቃ በላዩ ላይ እየሄደች በመጥረጊያ፣ በብሩሽ፣ በጨርቅ፣ አንዳንዴም በመዳፏ ቀባችው። ከሰል፣ ኖራ፣ ቀይ አፈር። ሥዕሉ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አዛዡ መጥቶ ከላይ ቆሞ አየና ፊቱን አጨማደደ።

«ይሄ ምንድን ነው? ስንጥቁን፣ ሻጋታውን፣ አረሙን ሁሉ! ከሳልሽ አይቀር አዲስ አስመስለሽ ሳዪው። ዓርማችንንም ከላይ አድርጊበት። ሲያዩት ይደንግጡ እንጂ!»

«ጌታዬ፣ እነሱ ይሄን ግንብ ክረምቱን ሙሉ ሲያዩት ነው የከረሙት» አለች ቀና ሳትል። «ጥርሱ ወላቃ የሆነ ሰው በአንድ ሌሊት ጥርሱ ሞልቶ ቢያድር ጎረቤቱ ምን ይላል? የሚታመነው ጉድለቱ ነው።»

አዛዡ ቦት ጫማው ቀለም እንዳይነካ እየተጠነቀቀ ወጣ።

አሁን እነሆ ሸራው ከክፍተቱ ሥር ደረሰ። ግንበኞቹ ከተናደው ግንብ ግራና ቀኝ ትከሻ ላይ ረጅም ግንድ አጋድመው ጠብቀዋቸዋል። ቱንቢ እስከ ጉልበቱ ፍርስራሽ ውስጥ ቆሟል።

«ደረሰ ጨርቅሽ?»

«ደረሰ።»

«ነፋስ ሲመታውስ? ግንብ ሲውለበለብ አይቶ የሚያምን ጠላት ካለንማ መጀመሪያውንም ግንብ አያስፈልገንም።»

እውነቱን ነው። ይህን አላሰበችውም ነበር። «ከኋላ ደግፉት» አለች።

«በምን?»

«በጀርባችሁ።»

ቱንቢ አያት። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞሮ፣ «ሰማችሁ? ግማሻችሁ ድንጋይ ትደረድራላችሁ፣ ግማሻችሁ ሥዕል ተደግፋችሁ ትቆማላችሁ። አባቴ ይሄን ሳያይ መሞቱ ደግ ሆነ» አለ። እንዲህ እያለም ግንዱ ላይ ወጥቶ የመጀመሪያውን ገመድ በገዛ እጁ አሰረ።

ሸራው ሲዘረጋና ጉሙ ሲገፈፍ እኩል ሆነ። መጀመሪያ የወንዙ ድምፅ ብቻ ይሰማ ከነበረበት የውሃው ብልጭታ ታየ፤ ቀጥሎ ማዶ ያሉት ድንኳኖች፤ ቀጥሎ የመድፎቹ አፍ በረድፍ። ሠዓሊቷ ከጎን ካለው ማማ ላይ ወጥታ በመተኮሻው ቀዳዳ አጮለቀች። አንድ መኮንን የጦር መነጽሩን አንስቶ ቅጥሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብሎ ቃኘ። መነጽሩ ሸራው ላይ ሲደርስ ትንፋሿን ዋጠች። አለፈው። እንደ ሌላው ድንጋይ ሁሉ አለፈው። መኮንኑ መነጽሩን አጥፎ እያዛጋ ወደ ድንኳኑ ገባ።

አጠገቧ የነበረው አዛዥ ሳቁን ማፈን አቃተው። «ሸወድናቸው!»

እሷ ግን ሰማዩን እያየች ነበር። ከጉሙ በኋላ ደመና ይሆናል ብላ ነበር የገመተችው። ደመና የለም። ፀሐይዋ ጥርት ብላ ወጥታለች። በእውነተኛው ግንብ ላይ ጎልተው ከወጡት ድንጋዮች ሥር የሚወድቀው ጥላ ማለዳ ወደ ግራ ነበር፤ አሁን እያጠረ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ወደ ቀኝ ይዞራል። እሷ የሳለችው ጥላ ግን እንደ ተሳለ ወደ ግራ ወድቆ ይቀራል። ወደ ውስጥ ወደ ክፍተቱ ተመለከተች፤ የወንድሟ አዲስ ግንብ ከወገብ አልዘለለም።

«ጌታዬ፣ ፀሐይ ስትዞር ይታወቅብናል።»

«ምኑ?»

«ጥላው። ግንብ ሁሉ ወደ ቀኝ ጥሎ አንዱ ብቻ ወደ ግራ ሲጥል ሕፃንም ያስተውላል። ወርጄ መለወጥ አለብኝ።»

«ወርደሽ? በየት?»

«ከፊት ለፊት። በገመድ።»

አዛዡ ያበደች መሰለው። «እነሱ እያዩሽ?»

«ይዩኝ። ኖራ ይዞ ግንብ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ለሳኝ ነው። ለሳኝ የሚለስነው ደግሞ ግንብ ነው። እንዲያውም እኔ ካለሁበት የበለጠ ያምኑታል።»

«ቢተኩሱብሽስ?»

«ያኔ እንነጋገራለን» አለችና ደረጃውን ወረደች።

የወንድሟን የግንበኛ ቆብና ሽርጥ አደረገች። የድንኳን ሰፊዎቹን አለቃ «መርፌ» ይሏታል፤ ስሟ መርፌ ይሁን እንጂ ቁመናዋ ምሰሶ ነው። ሠዓሊቷ የምትቀመጥበትን ጣውላ በገመድ አስራ ግንዱ ላይ ጠመጠመችው። «እኔ ከያዝኩሽ አትወድቂም» አለቻት። «መውደቅ ካማረሽ ንገሪኝና እለቅሻለሁ።»

ሠዓሊቷ ባልዲዎቿን ይዛ በጠራራ ፀሐይ፣ በጠላት ፊት፣ ተንጠለጠለች።

እዚያ ስትደርስ ያላሰበችው ነገር ገጠማት። ከዚህ ቅርበት ግንብ የሚባል ነገር የለም። አፍንጫዋ ሥር ያለው የመጥረጊያ ጭረት፣ የከሰል ዝርግፍ፣ የመዳፏ አሻራ ነው። ከኋላ ያሉት ወንዶችም የሚያዩት የሸራውን ጀርባ፣ የገበያ ዳስ ጨርቅ ነው። ይህ ግንብ ያለው ማዶ፣ በጠላት ዓይን ውስጥ ብቻ ነው። ወደ ኋላ ራቅ ብላ ልታየው አትችልም። እጇን አምና መቀባት ብቻ ነው። የግራውን ጥላ በኖራና በአመድ እያነጣች፣ የቀኙን በከሰል ውሃ እያጠቆረች፣ ከአንዱ ድንጋይ ወደ ሌላው ሄደች። ጎኗ ያለውን የእውነተኛውን ግንብ ጥላ እያየች እሱ እንዳለ ተከተለችው። ሲረዝም አስረዘመች።

«ጋሼ» አለች ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

«ምን አለ?» የቱንቢ ድምፅ ከጨርቁ ማዶ፣ ከክንድ ባነሰ ርቀት መጣ። ነፋሱ በርትቶ ስለነበር እሱም ራሱ ጀርባውን ሰጥቶ ሸራውን ይዟል። በግራ እጁ ድንጋይ እየተቀበለ ያቀብላል።

«የት ደረሰ?»

«ደረት። ወሬሽን ተይና ሥሪ።»

«አንተስ ሥዕል መደገፍ እንዴት ነው?»

«ከሚስት ይቀላል» አለ፤ ከኋላ ያሉት ግንበኞች በአፍንጫቸው ሳቁ።

ማዶ ደግሞ ወታደሮች መሰብሰብ ጀምረው ነበር። ሥራ የፈታ ወታደር አንድ ለሳኝ ተንጠልጥሎ ሲያይ የሚያደርገውን ከማድረግ አይመለስም። አንዱ ጠመንጃውን የወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ አጋድሞ አነጣጠረ። ጓደኞቹ ያጨበጭባሉ።

ጢሱን ከድምፁ ቀድማ አየችው። ጥይቱ ከቀኝ ትከሻዋ ጎን ሸራውን በስቶ ገባ።

ጥይት ድንጋይ ሲመታ አቧራ ያስነሳል። ጨርቅ ሲመታ ምንም አይታይም። ይህን እጇ ከአእምሮዋ ቀድሞ አወቀው፤ ደረቅ ኖራ ከባልዲው ዘግና ቀዳዳው ላይ በተነች። ነጭ ብናኝ ቦነነ። ከማዶ ጭብጨባው ጨመረ፤ ተኳሹ ግንቡን እንጂ ለሳኙን ባለመምታቱ ያሾፉበታል። በኖራ ሊጥ ቀዳዳውን ደፈነችው።

ከኋላ ግን ማንም አልሳቀም። እጇ ከድፍኑ ሳይነሳ በመዳፏ ሥር ሸራው ሞቀ። ረጠበ። ከድንጋዩ መሐል፣ እሷ ራሷ ከሳለችው ስንጥቅ አጠገብ፣ ቀይ ነጥብ ወጣ። ነጥቡ እንደ አበባ ፈካ።

«ጋሼ?»

ከጨርቁ ማዶ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ።

«ጋሼ! አንተን መታህ?»

«ትከሻዬን ነው።» ጥርሱን ነክሶ ነው የሚናገረው። «አትጩኺ።»

«ልቀቀው! ሌላ ሰው ይተካህ፣ ጋሼ!»

«ከለቀቅሁት ይነፋል። እያዩሽ ነው?»

ወደ ማዶ ሰረቅ አድርጋ ተመለከተች። መኮንኑ ከድንኳኑ ወጥቷል። መነጽሩ ዓይኑ ላይ ነው። «አዎ» አለች።

«እንግዲህ ግንብ አይጮኽም። አይንቀሳቀስም። ደሙ ወጥቷል ወደ አንቺ?»

«ወጥቷል።»

«ቀቢው።»

ሕይወቷን ሙሉ ያየችውን ለማሳየት ነበር የሠራችው፤ አሁን ደግሞ ዓይኗ እያየ የወንድሟን ደም እንዳልነበረ ልታደርገው ነው። ብሩሹን ነከረች። ግራጫ። አንድ ጊዜ ሳበችው፤ ቀዩ ጠፋ፤ ወዲያው ከሥር ተመልሶ ወጣ። ኖራ ጨመረች። እንደገና ወጣ። እንባዋ ቢወርድም እጇ አልቆመም፤ ጀርባዋ ብቻ ነው ለማዶ የሚታየው፤ የለሳኝ ጀርባ ደግሞ አያለቅስም።

«ቱንቢ ጋሼ፣ አለህ?»

«አለሁ። ቀቢ።»

«አለህ?»

«አታድርቂኝ፣ አለሁ አልኩሽ።»

መኮንኑ መነጽሩን ከማውረዱ በፊት ብዙ ቆየ። ሲያወርደው ተኳሹን ወታደር ጥይት በማባከኑ ጥፊ አቀመሰውና ወደ ድንኳኑ ተመለሰ። ያኔ መርፌ ገመዱን በሙሉ ኃይሏ ሳበች፤ ከኋላም ሁለት ግንበኞች ጀርባቸውን ሰጥተው አለቃቸውን ከሸራው ላይ አላቀቁት። ሠዓሊቷ ወደ ውስጥ ዘልላ ስትገባ ቱንቢን አዲሱ ግንብ ሥር ተጋድሞ፣ በልብሱ ቁራጭ አፉን አፍኖ፣ ዓይኑን የድንጋዩ ረድፍ ላይ ተክሎ አገኘችው። መጀመሪያ ያላት ስለ ራሱ አልነበረም።

«ያ ሦስተኛው ረድፍ ተጣሟል። አቃኑት በያቸው።»

ግንበኞቹ አቃኑት። አለቃቸው ቆስሎ እስከዚያ ድረስ ሸራውን ይዞ መቆሙን ማየታቸው ምን እንዳደረጋቸው እንጃ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ግንቡ ከሰው ቁመት አለፈ፤ ሲነጋም ሞላ። በማግስቱ መድፎቹ እንደ ወትሯቸው ሲያጓሩ አንዱ አሩር ግንዱን ሰበረውና ሸራው ተዘንጥሎ ተንሸራቶ ወደቀ። ከኋላው ሻካራ፣ ድንጋዩ አንዱ ከአንዱ ያልገጠመ፣ የጭቃው እርጥበት ያልደረቀ ግንብ ቆሟል። አሩሮች መቱት። ቆመ። የተሳለ ግንብ ወድቆ ከኋላው ሌላ ግንብ የወጣበት ጠላት፣ ዓይኑን ማመን ያቆመ ጠላት ነው። ወንዙም እየሞላ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ድንኳኖቹን ነቅሎ ሄደ።

ቱንቢ ተረፈ። ቀኝ ክንዱ ግን ከትከሻው አልነሳ አለ፤ ሐኪሙ ከእንግዲህ ድንጋይ አያነሳም ብሎ ቁርጡን ነገረው።

አዛዡ ሸራውን አሰፍቶ በትልቁ አዳራሽ ዋና ግድግዳ ላይ አሰቀለው። ከየአውራጃው ለምርቃቱ እንግዳ ተጠርቷል። ሰዎቹ ከመግባታቸው በፊት ሠዓሊቷን አስጠራት። ቱንቢም ከግንበኞቹ ጋር መጥቶ ነበር፤ ግድግዳው ሸራውን መሸከሙን ሊያይ።

«የሚያኮራ ሥራ ነው» አለ አዛዡ። «አንዲት ነገር ብቻ። እዚያ ጋ፣ ከስንጥቁ አጠገብ፣ ግራጫው ሥር የሆነ ቡናማ ነገር እየወጣ ነው። እንግዳ ሳይመጣ ሸፍኚልኝ።»

ሠዓሊቷ መሰላሉን አስጠግታ ወጣች። ባልዲዋ ውስጥ የነበረው ቀለም አልነበረም፤ ውሃና ጨርቅ ነው። ጨርቁን ነክራ ያን ቀን የቀባችውን ግራጫ ቀስ ብላ ማጠብ ጀመረች። ንብርብሩ እየሟሸሸ ወረደ። ቡናማው እየሰፋ መጣ።

«ምን እያደረግሽ ነው? ሸፍኚው ነው ያልኩሽ!»

«ያን ቀን የሸፈንኩት የሚያዩት ጠላቶች ስለነበሩ ነው፣ ጌታዬ። ዛሬ የሚያዩት የራሳችን ሰዎች ናቸው።»

«ሰው ምን ይላል? ግንብ ይደማል እንዴ?»

«ይሄኛው ደምቷል።»

አዛዡ ወደ ዘቦቹ ዞረ። «አውርዷት!»

ዘቦቹ ወደ መሰላሉ ተራመዱ። ቱንቢ ከተደገፈው ግድግዳ ተነስቶ መንገዳቸውን ቆረጠ። በሥዕሉ ላይ የወጣውን የራሱን ደም ቀና ብሎ አየ፤ ብዙ አየው። ከዚያ ደህናውን እጁን የመሰላሉ እግር ላይ አሳረፈና ደገፈው።

«ቀጥዪ» አለ። «ይዤዋለሁ።»